ንገሪው

በመንገዱ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚከፈተው ዳቦ ቤቱ ነው፤ ቀጥሎ የእነሱ ላውንደሪ። እትዬ እንደ ወትሮዋ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቧ ድረስ አንስታ ጎንበስ ብላ ገባች። ከወገብ በላይ ያለውን የባሏ ታላቅ ወንድም መጥቶ እስኪጨርሰው ትተወዋለች፤ ሱቁን የከፈተው እሱ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። መብራቱን አበራች። ትናንት ተተኩሰው የተሰቀሉት ልብሶች በላስቲክ ሽፋናቸው ውስጥ ሆነው ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መስለዋል። ቁልፍ የጎደለውን ሸሚዝ ከመሃላቸው ነጥላ ለብቻው ሰቀለችው፣ ባንኮኒውን ወለወለች፣ የዋጋ ሰሌዳውን አቧራ በመዳፏ ጠረገች። ሸሚዝ ሠላሳ፣ ሱሪ አርባ፣ ሙሉ ልብስ መቶ ሃያ፣ የሙሽራ ልብስ በስምምነት። በዚያ ቤት በስምምነት የሚሠራ ነገር ቢኖር የሙሽራ ልብስ ብቻ ነበር።

እትዬ የሚሏት ሁሉም ናቸው፤ ደንበኛውም፣ ሠራተኛውም፣ የባሏ ታናሽ ወንድምም። ታላቁ ብቻ «አንቺ ልጅ» ይላታል፤ እሱን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይለዋል። ባሏ በሁለቱ መካከል የተወለደው ነበር፤ ቤተሰቡ መሃለኛው ይለው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጋሼና ታናሹ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ምን አጣላቸው ተብሎ ቢጠየቅ የጋሼ ሚስት ሳይማከሩ የተገዛ ማድረቂያ ነው ትላለች፤ ካውያ ላይ የምትሠራው ሴት፣ ባለካውያዋ የሚሏት፣ ሆስፒታል በር ላይ የወጣ ክፉ ቃል ነው ትላለች፤ እነሱ ራሳቸው ቢጠየቁ «እሱ ያውቃል» ነው የሚሉት፣ ሁለቱም።

ቁርስ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ። «እትዬ፣ ጨው» አለ ታናሹ። ጨዉ ከጋሼ ሳህን አጠገብ፣ ከታናሹ ጣት አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ጋሼ ጨዉን አንስቶ ለእትዬ ሰጣት፣ እትዬ ለታናሹ ሰጠችው፤ ሲጨርስም በዚያው መንገድ ዞሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገበታ ላይ ከዚህ ያለፈ ነገር የለም። ሁለቱም ከጨዋ ቤት የወጡ ስለሆኑ ፊት ለፊት አይሰዳደቡም፤ ስድብ የሚላከው በሰው ነው። የጋሼ ሚስት ስለ ሽንኩርት ዋጋ አንስታ ብቻዋን አወራች፣ ብቻዋን ተገረመች፣ ብቻዋን ጨረሰች።

ዋናው ወሬ ታች ነው። ጋሼ የሚውለው ፊት ለፊት ባንኮኒው ጋ፣ ታናሹ የሚውለው ከኋላ ማሽን ክፍል ነው፤ በመካከላቸው የካውያ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ረጅም መተላለፊያ አለ። ማሽኖቹ ሲጮኹ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ጋሼ አንድ ነገር ሲከነክነው፣ «ንገሪው» ይላል። «ያንን ማድረቂያ በባዶ የሚያሽከረክረው የመብራቱን አባቱ ሊከፍልለት ነው? ንገሪው።» አባታቸው አንድ መሆኑን በንዴት ረስቶት ነው። እትዬ ቃሉን ተቀብላ መተላለፊያውን ትይዛለች፤ መሃል ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም ትላለች፣ አንድ ሰው ይህንኑ ነገር እንዴት ይለው ነበር ብላ ታስባለች፣ ከዚያ ትገባለች። «ጋሼ ማድረቂያው ሞላ ብሎ ቢሠራ መብራቱም ይቀልልን ነበር፣ ለመሆኑ አንተ እንዴት ታየዋለህ ብለውሃል።» ታናሹ እጁን በፎጣ እየጠረገ ያስባል። «ስለ ማሽን እሱ ምን ያውቃል፣ ሸሚዝ እየቆጠረ ቢቀመጥ ይሻለዋል በይው» ይላል። እሷም ተመልሳ፣ «ልክ ነው ብሏል፣ እሞክረዋለሁ ብሏል፣ ጉንፋንዎ ተሻለዎት ወይ ብሏል» ትላለች። ማድረቂያው ከዚያ በኋላ ሞልቶ ይሠራል፤ የጋሼም ጉንፋን ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ የምታውቀው ባለካውያዋ ብቻ ናት፤ ጠረጴዛዋ መተላለፊያው መሃል ላይ ስለሆነ ሲሄድም ሲመጣም ትሰማለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካውያዋን አቁማ፣ «እትዬ፣ ሲገባና ሲወጣ እኮ አንድ አይደለም» ብላት ነበር። «አንቺ ኮሌታውን እዪ፣ እየተቃጠለ ነው» አለቻት እትዬ። ኮሌታው አልተቃጠለም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ አልተነሳም።

ሰሞኑን ግን የሚመላለሰው ነገር ከበድ ብሏል። መንገዱ ጫፍ ላይ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው፤ አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ የጠረጴዛ ልብሱን ሁሉ ለአንድ ላውንደሪ ሊሰጥ ይፈልጋል። ለዚያ ትልቅ ማሽንና አዲስ ቦይለር መግዛት ያስፈልጋል። የሆቴሉ ሰዎች በአማካሪ ያልተጠና ሥራ አንቀበልም አሉ፤ መልስ የሚፈልጉትም ዛሬ፣ ከሥራ ከመውጣታቸው በፊት ነው። የተጠራው አማካሪ ድርጅት ሦስት መንገድ አስቀምጧል። በአንደኛው ከጥናቱ እስከ ማሽን ተከላው ሁሉን ድርጅቱ ይመራል፣ ባለቤቶቹ ይፈርማሉ። በሁለተኛው አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ አብሯቸው ይሠራል። በሦስተኛው የተጠየቀውን ብቻ መልሰው፣ ማኅተማቸውን አሳርፈው ይሄዳሉ። ታናሹ አንደኛውን ያዘ፣ ጋሼ ሦስተኛውን። ሁለተኛውን የመረጠ የለም፤ እትዬን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል» አለ ጋሼ ትናንት፣ የደንበኛ ጃኬት ኪስ እየፈተሸ። «መከራ በነጻ እየመከረ ሰው በገንዘቡ ምክር ይገዛል? ማኅተሙን ይምቱና ይሂዱ። ሰው አስገብቶ የቤቴን ድስት የሚያስከፍት ከሆነ እዚህ መሃል ላይ ግድግዳ አቆማለሁ። እሱ በጓሮ በር፣ እኔ በፊት በር። ንገሪው።» ታናሹ ደግሞ የፓምፑን ክዳን እያጠበቀ፣ «አማካሪዎቹ ካልመሩት እሱ ማንንም አይሰማም። እምቢ ካለ ማሽኖቼን ነቅዬ ሌላ ቦታ እከራያለሁ። ንገሪው» ነበር ያለው። እትዬ ሁለቱንም አልነገረችም። ለታናሹ፣ ጋሼ እያሰቡበት ነው አለችው። ለጋሼም፣ ያለእርስዎ አልወስንም ብሏል አለችው። ስለዚህ ሁለቱም ዛሬ ጠዋት የነቁት ሌላኛው ለስለስ እያለ መምጣቱን እያሰቡ ነው፤ ግድግዳውንና የማሽን ነቀላውን በአንድ ራስ ውስጥ ይዛ ያደረችው እሷ ብቻ ነበረች። የላውንደሪው ሢሶ በስሟ ነው። ነገር ግን በፊት በርና በጓሮ በር መካከል ሦስተኛ በር የለም፤ ያለው መተላለፊያው ነው፤ ግድግዳ ቢቆም የሚቆመው እዚያ ነው።

አማካሪዋ ረፋድ ላይ መጣች። ከኃላፊዋ ጋር እንደምትመጣ ተነግሯቸው ነበር፣ ግን ኃላፊዋ ስብሰባ ገባ አለች። ዝርግ ጫማ ያደረገች፣ ኮምፒውተሯን በጨርቅ ቦርሳ የያዘች ወጣት ናት። ባለካውያዋ ከመተላለፊያው አንገቷን አውጥታ ፀጉሯን የት እንደተሠራችና ስንት እንዳስከፈሏት ጠየቀቻት፤ ዋጋውን ስትሰማ «በስመ አብ» ብላ ተመለሰች። ጋሼ በበኩሉ ፈተና ጀመረ።

«የኔ ልጅ፣ ልብስ ታጥቢያለሽ?»

«ማሽን ያጥብልኛል።»

«የሚያጣጥፈውስ?»

«እናቴ» አለች ትንሽ አፍራ።

«እናትሽን ማምጣት ነበረብሽ» አለ ጋሼ። ደስ ብሎት ነበር፤ ወንበር ሳበላት።

አማካሪዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ዛሬ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን መርጠው እንዲነግሯት፣ ለዚህም ባለድርሻዎቹ በአንድ ላይ ቢቀመጡላት ጥሩ መሆኑን ተናገረች። መጋረጃ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ እንኳ ነገሩ የገባው ይመስል ደረሰኙን እየገለበጠ አየ። «አንድ ላይ አንቀመጥም» አለ ጋሼ፣ ቡና አልጠጣም እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ። «እሱ እዚያ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ። የምትፈልጊውን ለዚህች ልጅ ንገሪያት፣ ታደርሳለች።» እትዬ ከወንበሯ ስትነሳ ጉልበቷ ቀጭ አለ። ሰሞኑን ደረጃው እያመማት ነው። ጋሼ ድምፁን ሰምቶ አያት፤ በእሱ ወግ ርኅራኄ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ አለፈ፣ ከዚያም ያ ሐሳብ መጣለት።

«ቆይ» አለ። «እሷ ለምን ትመላለሳለች? ከውጭ ሰው የሚቀጠረው ለምን ሆነና? ይቺ ልጅ ትሂድ። ሄደሽ ንገሪው፣ የሚልሽን ይዘሽ ነይ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች እትዬ።

«ተቀመጪ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመላለሺ እግርሽ አለቀ።»

ታናሹ ይስማማ እንደሆነ የሚጠይቅለት ሰው ያስፈልግ ነበርና እትዬ ለመጨረሻ ጊዜ ሄደች። መሃል ላይ አልቆመችም፤ የሚለሰልስ ነገር አልነበረውም። ታናሹ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ይሄማ ትልቅ ሐሳብ ነው፣ እትዬ። አንቺንም ገላገሉሽ» አለ። ከመሃለኛው ቀብር ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይጠማዘዙ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ሆነ። እትዬ ስትመለስ አማካሪዋን መተላለፊያው አፍ ላይ አገኘቻትና በዝግታ፣ «የኔ ልጅ፣ ሰው ተበሳጭቶ ሲናገር አንዳንዱን መተው ይቻላል» አለቻት።

«አይጨነቁ እትዬ» አለች አማካሪዋ፣ ስልኳን እያሳየቻት። «ቃል በቃል ነው የምይዘው። መጨመርም መቀነስም የሥራችን ደንብ አይፈቅድም።»

እትዬን ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበርና ሱቁ ከዚያ ጎን ሲታይ ጠባብ መሆኑን አሁን ገና አየች። የመጋረጃው ደንበኛ ከሦስቱ መጋረጃዎች አንዱ አጥሯል አለ። ጋሼ መጋረጃ አያጥርም፣ መስኮት ነው የሚረዝመው አለው። ሲከራከሩ ከውስጥ የታናሹ ድምፅ አይሰማም፣ የማሽኑ ጩኸት ብቻ። ከዚያ የዝርጉ ጫማ ኮቴ እየቀረበ መጣ።

«ታናሽ ወንድምዎ እንዲህ ብለዋል» አለች አማካሪዋ፤ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ከስልኳ ማንበብ ጀመረች። «‹ለዚያ ደረቅ ግንድ ንገሪው። አማካሪዎቹ ካልመሩት ከእሱ ጋር አንድ ፎጣ አላጥብም። ማሽኖቼን ነቅዬ እሄዳለሁ። እዚያ ባንኮኒው ጀርባ ተጎልቶ የሰው ካልሲ በእጁ ሲፈትግ ማየት ነው የምፈልገው።› እዚህ ላይ ስቀዋል። ‹ደረቅ ግንድ።›»

የመጋረጃው ደንበኛ መጋረጃው ልክ ነው ብሎ ወጣ።

ጋሼ ባንኮኒው ላይ የነበረውን መርፌ ቁልፍ አንስቶ ዘጋው፣ ከፈተው። «ማን ነው ያለው?» አለ በመጨረሻ።

«ታናሽ ወንድምዎ።»

«የጨመርሽበት የለም?»

«የለም።»

«የቀነስሽውስ?»

አማካሪዋ ስልኳን አየች። «‹ደረቅ ግንድ› የሚለውን ሦስቴ ነው ያሉት፤ እኔ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ።»

«እሱ እንዲህ አይናገርም» አለ ጋሼ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ሸሚዝ እንደተሰጠው ሰው ነበር። «ድሮ ነበር እንዲህ የሚናገረው። አሁንማ ልጁ ታርሟል። ትናንት እንኳ ጉንፋኔን ጠይቋል።» ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ጉንፋኔን ጠይቋል?»

«ሲያስልዎት እዚያ ድረስ ይሰማል» አለች እትዬ።

«ጠይቋል ወይ?»

«ማሽኑ ሲቆም በደንብ ነው የሚሰማው።»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «እኔ እኮ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለዋጋ ሰሌዳው የሚናገር ይመስል፣ «ይሄ ልጅ ከሐዘኑ ወዲህ ተለወጠ እል ነበር። አነጋገሩ ሁሉ መሃለኛውን እየመሰለ መጣ እያልኩ። ለሚስቴ ስንት ጊዜ ነገርኳት። መሃለኛው እንደሚለው ነው የሚለኝ እያልኩ።» ከዚያ ተወው። እትዬ ተነስታ፣ ጠዋት ነጥላ የሰቀለችውን ሸሚዝ አውርዳ፣ የቁልፎች ሣጥን ውስጥ የሚመሳሰል መፈለግ ጀመረች። ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ሣጥኑ ውስጥ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ ብዙ ነበር፤ እሷ ግን ፍለጋዋን ቀጠለች።

«መልስዎን ላድርስ?» አለች አማካሪዋ፣ ጣቷን ስልኳ ላይ አዘጋጅታ።

«አዎ። ንገሪው፣ እኔም ግድግዳ…» አለና ቆመ። «ተዪው። እሱን እኔ እነግረዋለሁ።» መሳቢያውን ስቦ የብረት ሜትሩን አወጣ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣና መተላለፊያውን ያዘ። ካውያ ይዘው የነበሩት ሁሉ ካውያቸውን አቆሙ። ጋሼ ከካውያ ጠረጴዛዎቹ አልፎ ከሄደ ብዙ ጊዜው ነውና ሁለተኛው ጠረጴዛ ቦታው እንደተቀየረ አላወቀም፤ ጭኑን መታው። አማካሪዋ ተከተለችው። እትዬም ሸሚዙን እንደያዘች ተከተለች።

ታናሹ አጎንብሶ ማጣሪያ ያጸዳ ነበር። ቀና ሲል ወንድሙ ከፊቱ ቆሟል። ጋሼ የሜትሩን ጫፍ ሳበና ዘረጋለት። «ያዝ» አለው።

ታናሹ ያዘ። ካልሲ ሲፈትግ ማየት እፈልጋለሁ ያለው ሰው አፉ መልስ ከማግኘቱ በፊት እጁ ታዘዘ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሜትር ሲዘረጋለት የሚይዘው እሱ ነበር። ጋሼ እየተረተረ ወደ ኋላ ሄደ። «ከዚህ እስከዚህ ግድግዳ ይቆማል። አንተ በጓሮ በር፣ እኔ በፊት በር።»

«እዚህ ጋ አይቆምም» አለ ታናሹ። «የእንፋሎቱ ቱቦ አለ።»

«ከቱቦው ወዲህ።»

«ከቱቦው ወዲህ ፍሳሹ ነው። ውሃው በምን ይውጣ፣ ባንተ ባንኮኒ ስር?»

«እንግዲያው ወደዚያ ግፋው።»

«ወደዚያ ከተገፋ መጸዳጃ ቤቱ ላንተ ይሆናል። እኔ የት ልሂድ?»

«ዳቦ ቤት ሄደህ ለምናቸው።»

ባለካውያዋ ፊቷን በአንሶላ ሸፈነች። ወንድማማቾቹ ግን አልሳቁም፤ ሥራ ይዘዋል። ሦስት ቦታ ለኩ፤ በአንዱ ግድግዳው ቦይለሩን ይቆርጠዋል፣ በሌላው ማድረቂያው በር አይከፈትም፣ በሦስተኛው ጋሼ ወደ ፎቅ የሚወጣው በመስኮት ይሆናል። አማካሪዋ ግድግዳ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ በትሕትና አስታወሰች፤ የሰማት የለም። በአራተኛው ሜትሩ መተላለፊያው መሃል ላይ፣ እትዬ ሸሚዙን ይዛ ከቆመችበት ፊት ለፊት ተዘረጋ፤ ሁለቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው አዩአት።

«እሷስ?» አለ ጋሼ።

«እትዬ በእኔ በኩል ናት።»

«ማን ሰጠህ?»

«አንተ ነህ የሰጠኸኝ። ባለፈው ሳምንት፣ ‹በማሽን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የሚያስፈልግህን ሰውም ዕቃም ውሰድ› ብለህ ላክህብኝ።»

«እኔ?» አለ ጋሼ። «አብጃለሁ?»

ታናሹ አማካሪዋን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ከዚያ እትዬን። ከሁሉም ቀድማ አማካሪዋ የገባት መሰለች፤ ስልኳን ወደ ኪሷ ከተተችው። «ሳምንቱን ሙሉ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ታናሹ። ማጣሪያው ላይ የነበረው ውሃ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። «ማድረቂያው ሲበላሽ ‹አይዞህ፣ ወንድምህ አለሁልህ› ያልከውስ?»

እትዬ ሸሚዙን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ጋሼ የሜትሩን ቁጥር ያነበበ መሰለ፣ በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ያን…» አለ። «ያንንማ ብያለሁ።»

እትዬ አለማለቱን ታውቃለች።

«ሜትሩን ሰብስቡት» አለች። «ልብስ ይዤ ማለፍ አለብኝ።»

ታናሹ ጫፉን ለቀቀውና ሜትሩ እየተንሸራተተ ጋሼ እጅ ውስጥ ገባ። «ለካ አንቺ ልጅ የምታጥቢው ልብስ ብቻ አይደለም» አለ ጋሼ ስታልፍ። ቀልድ ሊያደርገው ነበር፣ ድምፁ ግን እንደ ቀልድ አልወጣለትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጩኸት ሆነ። ጋሼ አንድ ማሽን ላይ፣ ታናሹ የሳሙና ጄሪካን ላይ ተቀመጡና አማካሪዋን መሃል አድርገው ስለ አማካሪዎች ተከራከሩ። ታናሹ ሁሉን ይምሩ ያለው ወንድሙ እንዲሰማ ብሎ ነበር፤ ወንድሙ አሁን ከሚፈለገው በላይ እየሰማ ነው። ጋሼም ማኅተም ብቻ ያለው ታናሹ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሆኖ እንዳይገፋው ፈርቶ ነበር፤ ይህን አልተናገረም፣ ግን ስለ ቦይለሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ ታናሹ የማያውቀው ሆኖ ተገኘ፣ አማካሪዋም ወዲያው አላወቀችውም፤ አጣርታ እንደምትመጣ ተናገረች። «ቢያንስ አላውቅም ትላለች» አለ ጋሼ። «አንተ ይህችን ቃል በሕይወትህ ብለሃት ታውቃለህ?» «አንተስ?» አለ ታናሹ። በመጨረሻ ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ። አማካሪዋ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ቦይለሩን፣ መብራቱን፣ ከሆቴሉ ጋር የሚፈረመውን ውል ከእነሱ ጋር ታያለች። ማሽኑን የሚመርጠው ታናሹ ነው፣ ዋጋ የሚቆርጠው ጋሼ፤ የቤት ድስት አይከፈትም።

«መልእክት ማድረሱስ?» አለች አማካሪዋ። «እሱን በየትኛው አገልግሎት ላስገባው?»

«እሱን አንቺ አትችይበትም» አለ ጋሼ። «ቀጥረን ብንከፍልሽም አትችይበትም።»

ታናሹ ለሆቴሉ ደውሎ እሺ ሲል ጋሼ ከጎኑ ቆሞ «ማምጫውና መውሰጃው በእነሱ መኪና በላቸው» እያለ ይጎነትለው ነበር። ታናሹም ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ «ዝም በል አንተ ግንድ፣ እየሰሙ ነው» አለው። አማካሪዋ ስትወጣ እትዬን በር ላይ ጨበጠቻት፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፣ ግን ደንቡ ይፍቀድ አይፍቀድ ያላወቀች ይመስል ዝም ብላ ሄደች። እትዬ ቁልፉን ሸሚዙ ላይ ተክላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሊወስድ የመጣው ባለቤቱ ቁልፍ መጉደሉን ራሱ አላወቀም ነበር።

እራት ላይ የጋሼ ሚስት ድምፅዋ የሚሰማበት ጊዜ አላገኘችም። ስለ ሽንኩርት ጀምራ ነበር፤ ጋሼ ከሆቴሉ ፎጣ ለአንዱ ስንት እንደሚጠየቅ አነሳ፣ ታናሹ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚጠራ ሰው ራሱን ያስመርምር አለ፣ ጋሼ ዕድሜ ልኩን በሰው ዋጋ ሲኖር የነበረ ዋጋ አያውቅም አለ። ታናሹ ዳቦ ሲፈልግ ክንዱን በእትዬ ሳህን ላይ አሻግሮ ከወንድሙ ፊት አነሳ፤ ጋሼ እጁን በማንኪያ መታው። የጋሼ ሚስት «ቤቱ ሰው ገባበት እኮ» ብላ ለእትዬ በደስታ ሹክ አለቻት። እትዬ «አዎ» አለች። ሁለቱ ወደ ቦይለሩ ተመለሱና ጮኹ፤ የሚባባሉትም ከአፍ እንደወጣ፣ እንዳለ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ይደርስ ነበር። እትዬ ሳህኖቹን ሰብስባ አጠበች፣ ታች ወርዳ የመተላለፊያውን መብራት አጠፋች፣ የብረት መዝጊያው መቆለፉን አየች።

ግድግዳ አልቆመም፣ ማሽን አልተነቀለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በዚያ ቤት መሃለኛው ይናገር እንደነበረው አድርጎ የሚናገር ሰው የለም።